በባሱ ማይክ የገባው

ጥር 18

ይድረስ ለእህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጥገና ሱቄና ከጀርባው ካለችው የልምምድ ክፍል ሳልወጣ፣ ደህና ነኝ ማለት ይቻላል። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የሰው ፍሪጅ ገልብጬ ጋዝ እየሞላሁ ነበር፤ እጄን ሳልታጠብ ከፍቼው ወረቀቱን ቅባት በቅባት አደረግሁት። "እዘፍናለሁ" የምትለዋን ቃል ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ወንድሜ፣ ባልሽ፣ ካለፈ ከነሐሴ ወዲህ ደስ ያለኝ በዚያች ቀን ነው።

የጀመርናቸውን አራት ዘፈኖች እንጨርሳቸው። አንቺ ሥራ ቀይረሽ የአንድ ቀን መንገድ ርቀሽ ሄደሻል፤ በስልክም አላወራም ብለሻል፤ ይገባኛል። ደግሞ በኢንተርኔት አብረን እንጫወት ብንል እኔ ዘፈኑን ስጨርስ አንቺ ገና መግቢያው ላይ ነሽ። ስለዚህ እኔ የባስ ጊታሬን ቅጂ በፍላሽ አድርጌ በአውቶቡስ ሹፌሩ እልክልሻለሁ፤ አንቺ በጆሮሽ እየሰማሽ ትዘፍኚበትና ትመልሺልኛለሽ።

ዕቃ ምን ልግዛ ላልሽው፣ ሻጮቹ እንዳያታልሉሽ። ላፕቶፕሽ ይበቃል። ሁለት መሰኪያ ያላት ያገለገለች ሳውንድ ካርድ ፈልጊ፤ የሳሙና ማስቀመጫ ብታክል ነው። ማይኩ ዘፋኞች መድረክ ላይ በእጃቸው የሚይዙት ዓይነት ይሁን። ለስቱዲዮ ነው የሚሉሽን አትንኪው፤ የጎረቤትሽን ድመት ሁሉ ይቀዳልሻል። ማዳመጫው ጆሮሽን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ይሁን። ማቆሚያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ማይኩን በመጥረጊያ እንጨት ላይ እሰሪው። የሽቦ ማንጠልጠያ አክብበሽ አሮጌ ስቶኪንግ ወጥሪበትና ከፊቱ አድርጊው፣ ትንፋሽሽን ያበርድልሻል። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፍተሽ ወደ ልብሶቹ ዞረሽ ዝፈኚ። ከልብስ የተሻለ ድምፅ የሚውጥ ነገር በገንዘብም አይገኝም።

የላክሁልሽ ባስ አዲስ አይደለም። ጊታሩን ሳነሳ ጣቶቼ እምቢ አሉኝ። የመጨረሻው ቅዳሜ ልምምዳችን ላይ በሁለት ማይክ ነበር የቀዳነው፣ አንዱ ባሴ ፊት፣ አንዱ የእሱ ድራም ፊት። እንዳይከብድሽ ብዬ የድራሙን አውጥቼ የባሱን ብቻ ልኬልሻለሁ። ፎልደሩን እንዳለ ገልብጪው።

በመጨረሻ፣ ያን ቅዳሜ ከልምምዱ ለምን ተነሳ ላልሽው መልሴ ለቅሶው ላይ የተናገርኩት ነው። ስልኩን አየና ተነሳ። ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም። እባክሽ እሱን እንተወው።

ወንድምሽ

•

የካቲት 1

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ሱቁስ፣ ወገብህስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ሳውንድ ካርዷን ከአንድ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ገዛኋት፤ አንዱ መሰኪያ ላላ ብሏል እንጂ ትሠራለች። መጥረጊያውን ከወንበር ጋር በጨርቅ ጠፍሬ አቁሜዋለሁ። አከራዬ ገብታ አይታው ወጣች፤ አሁን ደረጃ ላይ ስንገናኝ መንገድ ትለቅልኛለች።

ወደ ልብሶቹ ዞረሽ ዝፈኚ ስትለኝ የማን ልብስ እንደሆነ አላሰብክም። ኮቶቹን ለማንም አልሰጠሁም። እዚህ ድረስ ይዣቸው መጥቻለሁ። ስዘፍን አፍንጫዬ ግራጫው ኮት ላይ ነው የሚያርፈው።

እንተወው አልክ። ጋሼ፣ እኔ እኮ የምተወው ቦታ አጣሁ። የጻፍኩለትን የነገርኩት ለአንተ ብቻ ነው፤ አሁን ግን ወረቀት ላይ ላስቀምጠው። ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ራት ረስቶ አምሽቶብኝ ነበር። በአራተኛው ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ "ዛሬም ለራት ካልደረስክ ጭራሽ አትምጣ" ብዬ ላክሁለት። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ድልድዩ ጋ ተገልብጦ ተገኘ። ስልኩን ተሰባብሮ ነው ያስረከቡኝ። እንግዲህ መልእክቴን ማንበቡን ያየህ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ከዚያ ወዲህ ለሰው አንድ መስመር በስልክ ጽፌ አላውቅም። እናታችሁም ከለቅሶው ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ደህና ነሽ ወይ ብላ አላስጠየቀችኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ "ሚስቱ ናት ያስነሳችው" መባሉን እኔ የሰማሁት ከሰው ሁሉ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሲያነበው ፊቱ እንዴት ነበር? ተናዶ ነው ወይስ ደንግጦ? ተናዶ ከሆነ እችለዋለሁ። ደንግጦ፣ ለእኔ ብሎ ከሮጠ ግን እንዴት እንደምኖር አላውቅም።

ሁለቱን ዘፈኖች ዘፍኜ ልኬልሃለሁ። ሦስተኛው ላይ አልቻልኩም። ባስህ ባረፈበት ቦታ ሁሉ ከበስተኋላ የሚቆጥር ሰው አለ። በጣም ሩቅ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ትንፋሽ። ማዳመጫውን አውልቄ ዞር ስል ኮቶቹ ብቻ ናቸው። ፈርቼ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ምንድነው እሱ?

እህትህ

•

የካቲት 9

ይድረስ ለእህቴ፣

ድምፅሽ ምንም አልሆነ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ትንሽ ዝቅ ብለሻል፣ እሱም አምሮበታል። ዘፈኑን የሰማሁት ሱቁን ዘግቼ ነው፤ ለምን እንደዘጋሁት አትጠይቂኝ።

ስለሚቆጥረው ነገር አትጨነቂ። በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ቆይቻለሁ፤ የማያወራ ገመድ አይቼ አላውቅም። የምድር ሽቦ ያልተያዘለት ሶኬት ከሆነ ሬድዮ ይስባል። የላላው መሰኪያም ሊሆን ይችላል፤ ገመዱን ወደ ሌላኛው አዙሪው። ማዳመጫሽ ርካሽ ከሆነ የራስሽን ድምፅ መልሶ ያሰማሻል። የድምፅ መጨመሪያዋን ቁልፍ እስከ ግማሽ ብቻ ክፈቺ፤ እስከ ጥግ ከከፈትሻት ከግድግዳው ውስጥ ሳይቀር ሰው ታወጪያለሽ። አንድ ደንበኛዬ ፍሪጁ ውስጥ ሰው ያስነጥሳል ብሎ በጋሪ አስጭኖ አምጥቶልኝ ያውቃል። ቧንቧው ነበር።

ፍላሹን ግን መልሺልኝ። ተበላሽቶ ይሆናል። የሦስተኛውንና የአራተኛውን ዘፈን ባስ እንደምንም ብዬ በአዲስ እቀዳልሻለሁ። በሚቀጥለው አውቶቡስ ብትልኪው ጥሩ ነው።

ፊቱን አላየሁትም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር።

ሩጤ ይሙት ብዬ ልምል ነበር፤ ለካ ከእንግዲህ በእሱ አይማልም። ድራም ላይ ሲቀመጥ ዘፈኑን ይዞት ስለሚሮጥ ያወጣሁለት ስም ነበር፤ አሁን አፌ ላይ ሲመጣ እደነግጣለሁ። በደህና ሁኚ።

ወንድምሽ

•

የካቲት 20

ይድረስ ለጋሼ፣

ገመዱን ቀየርኩ። መሰኪያውን አዞርኩ። ከአንድ ወር የቤት ኪራዬ ላይ ቀንሼ ደህና ማዳመጫ ገዛሁ። ፍላሹን አልላክሁትም፤ አልተበላሸም።

ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ የረሳኸው መሰለኝ እንጂ። ችሎት የተቀዳውን ምስክርነት እየሰማሁ መጻፍ ነው እንጀራዬ። በእግሬ ፔዳል ረግጬ አቆማለሁ፣ ወደ ኋላ እመልሳለሁ፣ እንደገና እሰማለሁ። ዳኛው ሳል ያለውን እኔ ቃል መሆኑን አውቃለሁ። ምስክር ያላየውን ሲናገር ዐረፍተ ነገሩ አጭር ይሆናል፤ ያየውን ሲናገር ግን ማንም ያልጠየቀውን ይጨምራል፣ የወንበሩን ቀለም ይናገራል። አንተ ስለ መጥረጊያ እንጨት ግማሽ ገጽ ጽፈህ ስለዚያ ቅዳሜ አንድ መስመር ነው የጻፍክልኝ።

ስለዚህ እንደ እህት ልጠይቅህ። ማይክህ የት ነበር የቆመው? ሲወጣ ዝናቡ ጀምሮ ነበር ወይስ መንገድ ላይ ነው የያዘው? ጀምሮ ከነበረ፣ እስኪያባራ ቆይ ብለኸው ነበር?

ለምን እንደምጠይቅህ አላውቅም አትበል። መልስልኝ፤ ያለህን ሁሉ መልስልኝ። አልቆጣም።

ሦስተኛውን ዘፍኜዋለሁ። የሚቆጥረው ሰው አሁንም አለ። አሁን አልፈራውም፤ እሱ ሲቆጥር እየጠበቅሁ ነው የምገባው።

እህትህ

•

መጋቢት 12

ይድረስ ለእህቴ፣

ለዘገየሁበት ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ጽፌ ቀደድኩት። ሥራ እንኳ የለም።

ማይኩ የባሱ አምፕሊፋየር ፊት ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ከባድ ዝናብ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እርስ በርስ አንሰማማም ነበር።

ሦስተኛውን ጥያቄሽን ለመመለስ ተቀምጬ ሦስት ቀን አልፎኛል። ጓደኞቼ ከስቼ ሲያዩኝ ስኳር ነው ተመርመር ይሉኛል። የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ፣ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ይላል። ድሮ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አሁን ጠቅ ጠቅ ባለ ቁጥር ዘፈን ሊጀመር ነው ብዬ እጄ ይነሳል። አንቺ ብቻ አይደለሽም የምትሰሚው ለማለት ነው።

ድራሙ አሁንም እንደተተከለ ነው። ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎት ነው የተነሳው፣ አልነካሁትም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ክፍሏን በቀን ብርሃንም ብቻዬን አልገባባትም። ስልክሽን ታበሪ እንደሆነ ልደውልልሽ? ወረቀት ላይ ይከብደኛል።

ወንድምሽ

•

መጋቢት 19

ጋሼ፣

አትደውል። ጻፈው።

ስልኩ በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ?

•

ሚያዝያ 2

ይድረስ ለእህቴ፣

ጠፍቶ ነበር።

ከጠዋት ጀምሮ ባትሪው አልቆ ሶፋው ላይ ተጥሎ ነው የዋለው። "ሞቷል ይሄ ስልክ፣ ስትወጣ ቻርጀር አምጣልኝ" ብሎኝ ነበር፤ ረሳሁት። መልእክትሽን አላነበበውም። ሳያነበው ነው የሄደው። አንቺ አላስነሳሽውም። አሁን ከዚህ በታች ያለውን ባታነቢው እንኳ እስከዚህ ድረስ ያለውን ያዢልኝ።

ያስነሳሁት እኔ ነኝ። አራተኛው ዘፈን ማብቂያው ላይ ይሮጥ ነበር። መለስነው፣ ሮጠ። አሁንም መለስነው። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አልኩት እንደ ቀልድ፤ እሱም ስቆ በሚቀጥለው ባሰበት። በሰባተኛው ላይ ባሱን ከአንገቴ አወለቅሁ። ሱቅ ተበላሽቶ የሚመጣ ዕቃ አይናደድብኝም፣ አይስቅብኝም፤ ከሰው ጋር መሥራት እንዴት እንደሆነ የረሳሁ ይመስለኛል። ደክሞኝ ነበር ብልሽ ውሸት ነው። ታላቅ ነኝ፣ ስናገር ይሰማኝ ነው ያልኩት።

"ዝናቡ እስኪያባራ ልቀመጥ" አለኝ። "ቤትህ ሄደህ ተቀመጥ። ከአንተ ጋር የምጫወተው ነገር የለኝም" አልኩት። በጓሮው በር ወደ ቤት ገብቼ በሩን በላዩ ላይ ዘጋሁበት። ወጥ ቤት ቆሜ ተከትሎኝ እስኪመጣ ጠበቅሁ። ማን ይለምነዋል፣ ይምጣና ይለምነኝ እያልኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድብ መኪናው መቼ እንደተነሳ እንኳ አልሰማሁም። ስመለስ አልነበረም። ማሽኑን አጠፋሁት። ቀረጻውን እኔ እከፍታለሁ፣ እኔ እዘጋለሁ፤ ታውቂያለሽ፣ ሁሉም ሰው ሲወጣ ነው የምዘጋው።

ለቅሶው ላይ እናታችን "በዚያ ዝናብ ልጄን ምን አስነሳብኝ?" ስትል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። "ስልክ አየና ተነሳ" አልኩ። ማንንም የሚጎዳ አልመሰለኝም ነበር። መልእክት መላክሽን አላውቅም ነበር። ከወር በኋላ ስትነግሪኝ ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ አንቺ ስታለቅሺ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ቀን ከፊተኛው እየከበደ ሄደ። ዘፈኑን እንጨርስ ያልኩሽ ከአንቺ ጋር የምገናኝበት ሌላ ምክንያት ስላልነበረኝ ነው። ባሱን ብቻ ለይቼ ስልክልሽ፣ የባሱ ማይክ ክፍሉን ሁሉ እንደሚሰማ አላሰብኩም። በሙያዬ የማፍርበት ነገር ነው፤ ሌላ ሰው ቢሠራው ጀማሪ እለው ነበር።

ለእናታችን ትናንት ነገርኳት። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ዛሬ ጠዋት የአንቺን አድራሻ ጠየቀችኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የዚያን ቀን ቀረጻ ሙሉውን ልኬልሻለሁ፣ የድራሙንም ማይክ ጨምሬ። እኔ በሩ እስከሚዘጋበት ነው የሰማሁት። ከዚያ ወዲያ ለመስማት አቅም አላገኘሁም። የፈለግሽውን አድርጊበት፤ ለፈለግሽው ሰው አሰሚው።

ወንድምሽ ብዬ መፈረም አፈርኩ።

•

ሚያዝያ 21

ይድረስ ለጋሼ፣

ፍላሹ ደርሶኛል። የእናታችሁም ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ደረሰኝ። ምን እንዳለችኝ የእኔና የእሷ ነው፤ ግን ወረቀቱን ትራሴ ሥር አድርጌ አድሬያለሁ።

አሁን የእኔን ልናዘዝልህ። ደብዳቤህን ሳነብ አዲስ የሆነብኝ ነገር አልነበረም። ፎልደሩን እንዳለ ገልብጪው ብለኸኝ አልነበር? ዘፈኖቹን ቆርጠህ አሳጥረሃቸው ነበር፤ ዋናው ያልተቆረጠው ቀረጻ ግን እዚያው ፎልደር ውስጥ ነበር። የካቲት ላይ አገኘሁት። ፔዳሌን ከቢሮ ይዤ መጥቼ አንድ ቅዳሜ ሙሉ እየረገጥኩ ሰማሁት። "ሞቷል ይሄ ስልክ" ሲል ሰማሁት። ልቀመጥ ሲልህ፣ አንተም የመለስክለትን ሰማሁ። ሩቅ ነው፣ ግን ሥራዬ ነው። የሚቆጥረውም ሰው እሱ ነበር።

ጥያቄዎቹን የጠየቅሁህ ሁሉንም አውቄ ነው። ማይክህ የት ነበር ስልህ፣ ቆይ ብለኸው ነበር ወይ ስልህ፣ በር እየከፈትኩልህ ነበር። ራስህ እንድትገባ ፈለግሁ። አንተ ስትከሳ፣ እንቅልፍ ስታጣ እያወቅሁ ሁለት ወር ጠበቅሁ። አንተ እኔን ስድስት ወር ካቃጠልከኝ እኔ ሁለት ወር ባቃጥልህ ምን አለበት አልኩ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም፤ በተለይ የፍሪጁን ሞተር ስትጽፍልኝ አላለኝም። በዚህ ይቅር በለኝ።

በባሱ ማይክ ግን ያልገባኝ ነገር ነበር። አንተ በሩን ከዘጋህ በኋላ ቀረጻው አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀጥላል። ዝናብ ነው። በዝናቡ ውስጥ የሆነ ነገር ይንኳኳል፤ እንደ ቃልም ያለ አለበት፤ ደጋግሜ ብረግጠውም ሊገባኝ አልቻለም። አሁን የድራሙን ማይክ ስትልክልኝ ሰማሁት። ፍርሃትህ ይገባኛል፣ ግን ቁጭ ብለህ ስማው፤ የተቀዳው ለአንተ ነው።

አልሄደም ነበር፣ ጋሼ። ከአሥራ አንዱ ደቂቃ አብዛኛውን እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንተን ጠበቀህ። አንተ ወጥ ቤት ቆመህ እሱ እንዲመጣ ስትጠብቅ፣ እሱ እዚያ አንተ እንድትመለስ ይጠብቃል። ከዚያ አራተኛውን ዘፈን መምታት ጀመረ፣ በስቲክ አይደለም፣ በመዳፉ። ከመግቢያው እስከ ማብቂያው መታው። ማብቂያው ላይ አልሮጠም። በሰዓት ለካሁት፤ ምንም አልሮጠም። ሲጨርስ ወደ ማይኩ ጠጋ አለና እንዲህ አለ፦

"ይኸው በአንተ አካሄድ። ማሽኑን እንደማትዘጋው አውቃለሁ። ለቅዳሜ ተለማመድበት፤ እኔ ቤት ልግባ፣ ሦስት ቅዳሜ አስከፍቻታለሁ።"

ከዚያ ወንበሩ ይገፋል። በሩ ይከፈታል፣ ዝናቡ ይጎላል፣ በሩ ይዘጋል።

መልእክቴን ሳያነብ ወደ እኔ እየመጣ ነበር። ይህን ሳውቅ ምን እንደተሰማኝ ልጽፍልህ ሞክሬ አልሆነልኝም። ያለቀስኩት ግን ከነሐሴ ወዲህ ካለቀስኩት የተለየ ነበር። አንተም እዚያ ደቂቃ ላይ ስትደርስ ብቻህን አትሁን። እናታችሁን አስቀምጣት አጠገብህ፤ የልጇን ድምፅ ትስማ።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልዋሽህም። አንዳንድ ቀን ጠዋት ያልኩህ ይመስለኛል፣ ማታ አጣዋለሁ። በሩን ባትዘጋው ኖሮ የሚለውን ማቆም አልቻልኩም፤ ቻርጀሩን ብታመጣለት ኖሮ የሚለውንም። ሲመጣልኝ አንተ ነህ መጀመሪያ የምትሰማው። እስከዚያ ጋሼ ማለቴን አልተውም፤ አንተም ወንድምሽ ብለህ ፈርም።

በመዳፉ በመታው ድራም ላይ አራተኛውን ዘፈን ዘፍኜበታለሁ። በአንድ ጊዜ ነው የወጣልኝ፣ ሳልደግም። ፍላሹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። የእሱ ድራም አለ፣ የእኔ ድምፅ አለ። የቀረው ባሱ ነው።

እህትህ